የብሎክ አሥራ አራት ወፍጮ

አርብ አርብ ከኑኃሚን ጋር አንነጋገርም። ተጣልተን አይደለም፣ ደንቡ ነው። ደረጃ ላይ ብንገናኝ እንኳ እሷ ወደ ግድግዳው እኔ ወደ መስኮቱ ዞረን እንተላለፋለን። "እንዴት ዋልሽ" የምንባባለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሻራችንን ካነበብን በኋላ ነው።

ሐሴት እባላለሁ፣ ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ብሎክ አሥራ አራት፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ኑኃሚን ከኔ በላይ አራተኛ ላይ ናት። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ሁሉም ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል። እኛን እናቶቻችን ከመጽሐፍ ቅዱስ እያወጡ ሰየሙን፤ እኛ ስንወልድ ደግሞ የቅድመ አያቶች ስም ፋሽን ሆኖ ነበርና የኔዎቹ ይርጋ፣ ተሰማና አስካለ ናቸው።

የኔና የኑኃሚን ሥራ መፍጨት ነው። ሕንፃው የሚታዘዝበት ጽሑፍ፣ የሊፍቱም የውሃውም የበሩም የመድኃኒት ሣጥኖቹም፣ በየሳምንቱ ረቡዕ ይላክልናል። ዶቃ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው የሚጻፈው። ጥሬውን እህል እንለዋለን። እህሉን ቁጭ ብለን መስመር በመስመር በዓይናችን እንለቅማለን፣ በወንፊት እናሳልፈዋለን፣ አርብ ጠዋት ወፍጮው ላይ እናስገባዋለን፤ ወፍጮው ሕንፃው የሚበላው ዱቄት ያደርገዋል። ወፍጮም ወንፊትም ስል የዶቃ መሣሪያዎቹን ነው እንጂ ድንጋይም የለም አቧራም የለም። ሁሉም የሚሠራው ሊኑክስ ላይ ነው፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ። ሥልጠና ላይ "ሊኑክስ የማንም አይደለም፣ ስለዚህ የሁሉም ነው" ብለው ነበር ያስተማሩን። እኔ ያኔ ትዝ ያለኝ የደብሩ ጉድጓድ ነው፤ ማንም ይቀዳል፣ ማንም ይጠርጋል።

የተፈጨ ዱቄት ከድርጅት መቀበልም ይቻላል። ማዶ ብሎክ አሥራ ስድስት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ሊፍታቸው ማስታወቂያውን ሳይጨርስ በሩን አይከፍትም። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴትዮ ለቅሶ ልትሄድ ጥቁር ለብሳ ብትገባ የሬሳ ሣጥን አማረጣት። ዱቄት ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ማን ያውቃል። እናቴ በርበሬ ተፈጭቶ ከገበያ ገዝታ አታውቅም፤ ሸክላ ይቀላቅሉበታል ትል ነበር። ዛላውን ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ ወፍጮ ቤት ራሷ ቆማ ታስፈጫለች። እኛም የምናደርገው ያንኑ ነው።

አንድ ሰው ብቻውን ከፈጨ ግን እሱም ሊቀላቅል ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰው፣ በሁለት ቤት፣ ሳይተያይ ይፈጫል። የሁለቱ ዱቄት አንድ ዓይነት ከሆነ ሕንፃው ይቀበላል፣ የደረጃው መብራትም አረንጓዴ ይሆናል፤ ካልሆነ በአሮጌው ዱቄት ይቆያል። አንድ መሆኑ የሚታወቀው በአሻራው ነው። አሻራ አርባ ፊደል ነው፣ ወፍጮው ሲጨርስ ያወጣዋል። ደረጃው መታጠፊያ ላይ እንቆምና አንዷ ታነባለች፣ አንዷ በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች። አንዲት ፍሬ ብትለይ ከላይ እስከ ታች ሌላ አሻራ ነው የሚሆነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተለያይተን አናውቅም ነበር። የፈጪነት ቁልፋችንን ሁለታችንም አንገታችን ላይ ነው የምናስረው፣ እኔ ከማተቤ ጋር፣ እሷ በሐብል።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። እኔ በኑኃሚን እቀናለሁ።

መልክ አይደለም፣ ሀብት አይደለም። ልጅ እንኳ የላትም። ነገሩ በአስካለ ነው። አስካለ አሥራ አራት ዓመቷ እያለ፣ እኛም መፍጨት ሳንጀምር ገና ዶቃ ስንማር፣ ማሽኔን ልትነካ ስትል "አትነካኪ" አልኳት። ወደ ላይ ወጣች። ኑኃሚን "ንኪው" አለቻት። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይቆምም ነበር። ዶቃን ከላይ ተማረች፣ ዛሬ ማረጋገጫ ቢሮ ትሠራለች። ለፋሲካ ለኔ ነጠላ ትልክልኛለች፤ ለሷ ፊደል የተቀረጸበት የዋንዛ ቁልፍ ሰሌዳ ላከችላት። እኔን አንቺ ትላለች፣ እሷን እርስዎ ትላለች፤ አንቺ የቅርብ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ከሁሉ የሚብሰው ወንፊቱ ነው። አሁን አገሩ ሁሉ የሚጠቀምበትን የዶቃ ወንፊት የጻፈችው አስካለ ናት። ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ጽሑፍ፣ "ንኪው ላሉኝ ለእትዬ ኑኃሚን" ይላል። እኔ በየሳምንቱ እከፍተዋለሁ። በከፈትኩት ቁጥር ስሟን አያለሁ። መዝለያ የለውም።

እኔ የምበልጣት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በጸሎት። በመስከረም አንድ ቀን እኔ ቤት ተቀምጣ ሳለ ነገር ጣልኩባት።

"አንቺ ግን ማሽን ስትከፍቺ እንኳ አታማትቢም አይደል?"

"እረሳዋለሁ" አለች እየሳቀች።

"በስሙ ያልተጀመረ ሥራ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?"

"ምን ይሆናል?"

"ይበላሻል።"

መሳቋን ተወች። ያን ቀን እንጀራዬን በደስታ ነው የበላሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የጥቅምት የመጀመሪያው አርብ ላይ ተለያየን። እሷ ስታነብ እኔ ምልክት ሳደርግ፣ ገና ከመጀመሪያው ፊደል አልገጠመም። ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል ብዬ አስደገምኳት። ከዚያ ወረቀት ተለዋወጥን። ከአርባው የገጠሙት ሁለት ናቸው፣ እነሱም በአጋጣሚ። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ያብስራ ከሁለተኛ ፎቅ ፒጃማውን እንደለበሰ ወጣ።

"ምነው፣ ዛሬ መብራቱ አረንጓዴ አልሆነም እኮ።"

"ተለያየን" አልኩት።

"እናንተ?" አለ። ከዚያ ኑኃሚንን አያት። ዓይኗን ኦፕራሲዮን ከተደረገች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር፣ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። መመልከቱ በቂ ነበር።

ደንቡ እንዲህ ነው። ሁለት አርብ ከተለያየን በሦስተኛው ማረጋገጫ ቢሮም ራሱ ይፈጫል። ከቢሮው ጋር የገጠመችው በሥራዋ ትቀራለች፣ ያልገጠመችው ቁልፏን ታስረክባለች። ቁልፏን ያስረከበች ሴት ሁለተኛ አትፈጭም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ኑኃሚን ጋ ወጣሁ። የዓይኗን ጠብታ ራሷ ስታደርገው ጉንጯ ላይ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ እኔ ነበርኩ የማደርግላት። ጠብታው ከገባ በኋላ ጭንቅላቷን ሶፋው ላይ አስደግፋ አሥር ደቂቃ ዓይኗን መክደን አለባት። ማሽኗ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነበር። የሌላ ሰው እህል ማየት አይፈቀድም፣ መሐላ ነው። አየሁ።

ከሁሉ በላይ ሁለት መስመር ጨምራለች።

፨ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።
፨ ለልጃችን ለአስካለ ዕድሜና ጤና ስጣት።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እህል ስንለቅም ማስታወሻ መጻፍ ይፈቀዳል። ፊቱ ላይ ፨ ካደረግሽበት ወፍጮው አይፈጨውም፣ ይዘለዋል። ግን ማስታወሻ በመስመሩ ጎን ነው እንጂ ለብቻው መስመር ይዞ አይጻፍም። ለምን እንደሆነ ሥልጠና ላይ አንድ ጊዜ ነግረውን ሁሉም ረስቶታል። እኔ አልረሳሁም። ወፍጮው ጽሑፉን ይዝለል እንጂ መስመሩን ይቆጥራል። ነገ ሊፍቱ ቢቆም ስንተኛው መስመር ላይ እንደቆመ መናገር ስላለበት ቁጥሩን ዱቄቱ ውስጥ ያስቀምጣል። ከላይ ሁለት መስመር ሲጨመር ከሥር ያለው ሁሉ ሁለት ሁለት ይወርዳል። ሊፍቱ ያው ሊፍት ነው፣ ውሃውም ያው ውሃ ነው፤ አሻራው ግን ሌላ ይሆናል። ኑኃሚን ደግሞ የእግዚአብሔርን ስም ከሊፍት በር ጎን አትጽፈውም። ደብዳቤ እንደሚጀመር ከላይ፣ ለብቻው አደረገችው። በስሙ ጀምሪ ያልኳት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ አሰብኩት። ዓይኔ የቀረው ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። "ልጃችን።" የማን ልጃችን? ማን አማጠ? ማን ነው ኩፍኝ ሲይዛት ሦስት ቀን ያልተኛው? ጸሎት አንድ ለኔ የቀረ ነገር ነበር፣ እሱም ላይ ልጄን ይዛ ገባች።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለችኝ ዓይኗን እንደከደነች።

"ደቂቃ እየቆጠርኩ ነው።"

አልነገርኳትም። አንደኛ፣ ማየቴን መናገር ሊሆንብኝ ነው። ሁለተኛ፣ ምን ብዬ ልናገር? የእግዚአብሔርን ስም አጥፊ ልበላት? ከስንት ዓመት አንዴ ጸሎት የጀመረችን ሴት ጸሎትሽን ሰርዢ የምትል ምን ዓይነት ክርስቲያን ናት? እነዚህ ሁለቱም እውነተኛ ምክንያት ናቸው። ሦስተኛው ግን ከሁለቱም ይከብዳል። ትውደቅ ብዬ ነው። ምንም ማድረግ አያስፈልገኝም ነበር። ዝም ብዬ የመጣልኝን እህል እንደመጣ መፍጨት ብቻ፣ ቢሮው ከኔ ጋር ይገጥማል፣ ኑኃሚን ቁልፏን ታስረክባለች። አስካለም መምህሯ መሳሳቷን ታያለች። ለንስሐ አባቴ አልተናዘዝኩም። የኮምፒውተር ነገር ነው፣ አይገባቸውም ብዬ ተውኩት።

ሁለተኛው አርብም ተለያየን። አሁን ሰው ደረጃው ላይ ማውራት ጀመረ። በአሮጌው ዱቄት የቆየ ሕንፃን ውጭ ያለ ሰው ቀዳዳ አግኝቶ በሩን ሊያዘው ይችላል፣ ሁሉም ይህን ይፈራል። አንደኛ ፎቅ ያለ አንድ ቤተሰብ በሩን በፍራሽ ደግፎ መተኛት ጀምሯል።

"ዓይኗ እኮ ነው" ይላል ያብስራ። "ሰው ዕድሜውን ማወቅ አለበት። ሐሴት ግን አንድ ፊደል አትስትም።"

"እንደሱ አትበል" እላለሁ። እንደሱ እንዲል ፈልጌ ነው። ደግሞ ይላል።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ጠብታ ላደርግላት ስወጣ ኑኃሚን ማሽኗን ዘግታዋለች። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ቁልፏን ከነሐብሉ እጇ ላይ ትጠቀልለዋለች።

"ሐሲ፣ ላስረክብ ነው" አለችኝ። "ቢሮው እስኪፈጭ መጠበቅ ምን ያደርጋል። ስሕተቱ የኔ ነው። ያንቺ እጅ አይሳሳትም።"

"አርብን ጠብቂ" አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትቆጪኝ።"

"ተናገሪ።"

"አንቺ ያልሽኝን አድርጌ ነበር። በስሙ መጀመር ጀመርኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው የተበላሸብኝ።" ሳቅ ብላ አፏን በእጇ ያዘች። "አሥራ አንድ ዓመት ሳልጠራው ሠራልኝ። በጠራሁት ሳምንት ጥሎኝ ሄደ። ምናልባት የኔን አይሰማም ይሆናል። ልተወው ብዬ ነው፣ ሁለቱንም፣ ወፍጮውንም ጸሎቱንም።"

ጠብታውን አደረግኩላት። አንዱ ጠብታ አፍንጫዋ ላይ ወረደ። አሥር ደቂቃው ሲያልቅ ወረድኩ።

ሰው ቢወድቅልኝ ብዬ ነበር እንጂ ሰው ከእግዚአብሔር እንዲርቅ አላልኩም። አሁን ግን ነገሩ አንድ ሆነ። ዝም ካልኩ ቁልፏን ብቻ አይደለም የምወስድባት። ብናገር ደግሞ ስሙን አጥፊው ማለት ነው፤ ጸሎቱን ልተወው ላለች ሴት ያበላሸው ጸሎትሽ ነው ማለት ነው። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ እህል ስለቅም ዋልኩ፣ ያየሁት መስመር የለም።

አርብ ከኪዳን ስመለስ ማሽኔን ከፈትኩ፣ ወንፊቱ "ንኪው ላሉኝ ለእትዬ ኑኃሚን" አለኝ፣ እህሉን አወጣሁና ከላይ ሁለት ባዶ መስመር ሠራሁ። እሷ እንደ ቀድሞው ሁለት ጨምራ ከሆነ፣ እኔም ሁለት ከጨመርኩ ቁጥራችን አንድ ይሆናል፣ አሻራችን ይገጥማል። ሁለታችን ከገጠምን ሁለት ለአንድ ነው፣ የተለየው ቢሮው ይሆናል። ቢሮ ደግሞ ምን ይሆናል፣ አንድ የማላውቀው ሰው ወፍጮውን ይጠግናል፣ አለቀ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

አንደኛው ላይ በስመ አብን ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ "ለልጄ ለአስካለ" ልል ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። ቀድማኛለች። ወፍጮው የሚቆጥረው ሁለት መሆኑን ነው እንጂ ምን እንደተጻፈ አያይም። ማንም አያነበውም ብዬ የልቤን ጻፍኩ።

፨ ጌታ ሆይ፣ በኑኃሚን መቅናቴን ከሥሩ ንቀልልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆምን። ግማሹ ሕንፃ ወጥቶ ነበር። የማንበብ ተራው የኔ ነው። እያንዳንዱን ፊደል ስናገር የኑኃሚን እስክሪብቶ ድምፅ ይሰማኛል። ሠላሳኛው ላይ ስትደርስ ማልቀስ ጀመረች። አርባኛው ላይ ያብስራ አጨበጨበ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ሊፍቱ አዲሱን ዱቄት ለመብላት ትንሽ ቆም ብሎ ደግሞ ተነሣ።

"ሰማኝ" አለችኝ ኑኃሚን፣ አንገቴን አቅፋ፣ ቀስ ብላ። "ሰማኝ፣ ሐሲ።"

እኔ "አሜን" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ሰኞ ጠዋት አስካለ መጣች። መጀመሪያ እኔ ቤት መምጣቷ ገረመኝ፣ ሌላ ጊዜ ከላይ ነው የምትጀምረው። ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች።

"እማ፣ የቢሮውን የፈጨሁት እኔ ነኝ።"

"አንቺ? የእናትሽን ጉዳይ ይሰጡሻል እንዴ?"

"ቢሮው ውስጥ ዶቃ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማን ይስጡት?" ተቀመጠች። "አንቺና እትዬ ኑኃሚን አንድ ናችሁ። የተለየሁት እኔ ነኝ። ሁለት ለአንድ። ዛሬ ከሰዓት ወፍጮዬን ሊያሽጉት ነው፣ እኔንም ከነወፍጮዬ። አምስት ጊዜ ፈጨሁት እማ። አምስቱም ጊዜ ያው ነው። እህሌ ንጹሕ ነው።"

እጄ አንገቴ ላይ ወጣ። ያ የማላውቀው የቢሮ ሰው የኔ ልጅ ነበረች።

"የኔን ክፈቺና እዪ" አልኳት።

ማሽኔን ወደ ራሷ አዞረችው። ሁለቱን መስመሮች አየች። ረጅም ጊዜ አነበበቻቸው፤ ሁለት መስመር ይህን ያህል አይፈጅም።

"እሳቸውም ከላይ ሁለት አላቸው?"

"አላት። እሷ ሳታውቅ ነው። እኔ አውቄ ነው።"

"አየሽባቸው?"

"አየሁባት። ዓይኗን ከድና ሳለ።"

አስካለ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ስትመለስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፣ በዚያ ድምፅ ስታናግረኝ ሰምቼ አላውቅም።

"ስሚኝ። ሁለቱን መስመር አጥፊና አሁን እንደገና ፍጪ። ከኔ ጋር ይገጥማል። አርብ የፈጨሽው በስሕተት ነው እላለሁ። አንቺ ትቀሪያለሽ፣ እኔም እድናለሁ።"

"ኑኃሚንስ?"

"ያስረክባሉ። ዓይናቸው ደክሟል እየተባለ ነው፣ ማንም አይገርመውም።"

"ይህን የምትይው አንቺ ነሽ?"

"እናቴ ነሽ" አለች። "ምን ላድርግ።"

ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ይህ ነበር። መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ልጄ በኔና በኑኃሚን መካከል ቆማ ወደኔ ወረደች። እውነቱን ለመናገር ሆዴ ደስ አለው። ደስታውን አጣጣምኩት፣ ምክንያቱም እንደማይቆይ አውቄያለሁ።

"ካላጠፋሁትስ?"

"እንዳለ መዝገብ ይገባል። መዝገቡ ክፍት ነው እማ፣ የፈለገ ያነበዋል፣ አንዴ ከገባ አይሰረዝም። ቁልፍሽን እወስዳለሁ። እሳቸው ተመክረው በሥራቸው ይቀራሉ። ሁለተኛዋን መስመር ደግሞ አስቢያት። ያብስራ ያነባታል። ማዶ ያሉት ያነቧታል። እሳቸውም ያነቧታል።"

"አንቺ አገር የሚያምነው ወንፊት የሠራሽ ሰው ነሽ" አልኳት። "ሸክላ ቀላቅዪ አትበይኝ። ይግባ።"

መጣችና ከኋላዬ ቆማ ቁልፉን ከማተቤ ልትፈታ ሞከረች። ቋጠሮው ጠንክሯል፣ አሥራ አንድ ዓመት አልተፈታም። በጥርሷ ነው የፈታችው። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ነበር። ሕፃን እያለች ካዘልኳት ወዲህ እንዲያ ቀርባኝ አታውቅም።

ከዚያ ወደ ላይ ወጣች። እግሯን ቆጠርኩ፣ አሥራ ስምንት ደረጃ።

ማክሰኞ ኑኃሚን ወረደች። መነጽሯን አውልቃለች። ወንበር ስቤ ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።

"አነበብኩት።"

"እሺ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሃያ ሁለት ዓመት።"

"በምኔ? እኔ ምን አለኝ?"

"ልጄ አለችሽ።"

አየችኝ። ከዚያ ተቀመጠች። "አንቺ ሴትዮ" አለች፣ "ያቺ ልጅ እኔ ቤት እየመጣች ምን ስታወራ እንደነበር ታውቂያለሽ? እማ ተቆጣች፣ እማ ራሷን አመማት፣ እማ እንዲህ አለች። ዶቃ ላስተምራት ብዬ የተማርኩት ያንቺን ታሪክ ነው። ሰልችቶኝ ነበር።"

ሁለታችንም አልሳቅንም። ቢያስቅም አልሳቅንም።

"አርብ ዕለት 'ሰማኝ' ስልሽ ለምን አሜን አልሽኝ?" አለችኝ። "አንቺ መሆንሽን እያወቅሽ።"

"ታዲያ እኔን ማን አስነሣኝ ብለሽ ነው?"

ጸሎቷን የት እንደምታደርገው ጠየቀችኝ፤ አስካለ ከመጨረሻው መስመር በታች ይጻፍ ብላታለች፣ እዚያ ሲሆን የሚወርድ መስመር የለም። በመጨረሻ ላይ ስሙን መጥራት ነውር አይሆንም ወይ አለችኝ። ምስጋና መጨረሻ ላይ ነው አልኳት። ሄደች። በሩን አልዘጋችውም፣ አልከፈተችውምም፣ ገርበብ አድርጋ ነው የተወችው።

የኔን ቦታ ያብስራ ያዘው። አርብ አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤቴ ሆኜ እሰማለሁ፤ ሰውዬው ሀንና ሐን ሳይለይ ያነባል፣ ኑኃሚን በትዕግሥት ታስደግመዋለች። እኔን እንዲያ አስደግማኝ አታውቅም። እቀናለሁ። ጸሎቱ ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ያልቃል ብዬ ነበር። መዝገቡ ክፍት ነው ስትለኝ ግን አስካለ ሁሉን አልነገረችኝም፣ ወይም እሷም አላሰበችውም። በኅዳር ደወለችልኝ።

"እማ፣ ያቺ መስመርሽ ጅማ ተገኘች።"

"ምን ማለት ነው?"

"አንዲት ፈጪ ሴት ገልብጣ ከእህሏ መጨረሻ ላይ አድርጋታለች። ሐረርም ሁለት ብሎክ አለ።"

በታኅሣሥ አርባ ብሎክ ደረሰ። በየካቲት መቶ ሠላሳ ሰባት። ከሰባተኛው ብሎክ ጀምሮ ለምን እንደሚጻፍ የሚያውቅ የለም፤ አርብ የሚገጥምላቸው በሱ ይመስላቸዋል። ቃሉንም አይቀይሩም። የሚሠራ ነገር አይነካም ተብለን ነው ሁላችንም የተማርነው። ስለዚህ በየከተማው በየፎቁ ያሉ ሴቶች፣ እህላቸውን ከለቀሙ በኋላ፣ በኑኃሚን መቅናታቸውን ከሥሩ እንዲነቅልላቸው ይጸልያሉ። ኑኃሚን ማን እንደሆነች አያውቁም። በጣም ቆንጆ ነበረች ይላሉ አሉ። ጎንደር ያሉት ንግሥት አድርገዋታል።

የጻፈችውን ሴት ስም የጠየቀ የለም።